የጉም አደር የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ

ጉም አደር አውሮፕላን ማረፊያ የተሠራላት መንገድ ስላልነበራት ነው። ነገሩ ለሌላ አገር ሰው ላይገባው ይችላል፤ ለማረፊያው ሥራ ለተቋቋመው ኮሚቴ ግን ግልጽ ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ መልከ ጼዴቅ ከደባርቅ ድረስ መጥተው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር ሕዝቡን ሰብስበው እንዲህ ሲሉ አስረዱ።

«መንገድ ድልድይ ይፈልጋል። ድልድይ ብረት ይፈልጋል። ብረቱን ለማምጣት ደግሞ መንገድ ያስፈልጋል። አየር ግን ተሠርቶ ያለቀ ነው። የሚቀረን ማረፊያው ብቻ ነው።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ገሠሠም አጨበጨበ። ካላጨበጨቡ ስብሰባ እንደማይበተን በስድሳ ሦስት ዓመት ዕድሜው ተምሯል።

ቦታ ለመምረጥ ብዙ አልተደከመም። በጉም አደር የተቀመጠ እንስራ ሳይንከባለል የሚያድርበት አንድ ሜዳ ብቻ አለ፤ እሱም የከብቱ ግጦሽ ነው። ድንጋዩ በሕዝብ ጉልበት ተለቀመ፣ ቦዩ ተደፈነ፣ ዳር ዳሩ ኖራ ተቀባ። ከብቱ ወደ ገደሉ አፋፍ ተገፋ። አገሩ ለምን ጉም አደር እንደተባለ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ጥያቄና መልስ በፕሮግራሙ ላይ አልተያዘም።

ገሠሠ የቃሬዛ ማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴው ነው። በጉም አደር ሕመም የጸናበት ሰው በቃሬዛ ይወርዳል። ሁለት አጣና፣ በመካከሉ የተጠላለፈ ጠፍር፣ ስምንት ሰው፤ አራቱ ሲሸከሙ አራቱ ያርፋሉ። እስከ መካነ ብርሃን አንድ ቀን ሙሉ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መኪና አለ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ማኅበሩ ስንት ሰው እንዳወረደ ገሠሠ አይቆጥርም። መንገድ ላይ የሞቱበትን ግን ያውቃል። ሁለት ናቸው።

ሜዳው እንዳለቀ የቀበሌው ሊቀ መንበር ምስክር ደብዳቤ ይዞ መጣ። ምስክር የገሠሠ የእኅቱ ልጅ ነው፤ ደብዳቤ ሲያነብ ግን ዘመድ የለውም።

«የቃሬዛ ማኅበሩ ከአየር ትራንስፖርቱ ጋር ተፎካካሪ ሆኖ ስለተገኘ ከዛሬ ጀምሮ ፈርሷል» ብሎ አነበበ። «ቃሬዛዎቹም ለመጪው ትውልድ ማስተማሪያ ይሆኑ ዘንድ በቅርስነት ተመዝግበው ገቢ ይደረጉ፣ ይላል።»

«መጪው ትውልድ ሲታመምስ?» አለ ገሠሠ።

«በአውሮፕላን ይሄዳላ።»

«አውሮፕላኑ መጥቷል?»

«ደብዳቤው መጥቷል፣ አያ ገሠሠ።»

ሁለቱ ቃሬዛዎች ገቢ ሆኑ።

ምረቃው ሦስት ቀን ሲቀረው የገሠሠ ሚስት አመተ ማርያም ገብስ ልታወጣ ጎተራው ላይ ስትወጣ መሰላሉ ተንሸራተተ። ከጭኗ ተሰበረች። ወጌሻው መጥቶ ዳበሰና እጁን ሰበሰበ።

«ይኼ ከእኔ እጅ በላይ ነው» አለ። «የሐኪም ብረት ይፈልጋል። ሳምንት ካለፈው ተጣሞ ይገጥማል። ከዚያ ወዲያ በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ ማለት የለም።»

ገሠሠ ተነሥቶ ወደ ምስክር ሄደ። አንዱን ቃሬዛ ለአራት ቀን እንዲያውሰው ለመነው። ምስክር እንደ ዘመድ አዘነ፤ ከንፈሩን መጠጠ። ቀጥሎ እንደ ሊቀ መንበር ፊቱ በራ።

«እግዚአብሔር ሥራው አያልቅም፣ አያ ገሠሠ። ለምረቃው ታማሚ አጥተን ተጨንቀን ነበር እኮ። ‹የመጀመሪያውን ታማሚ ማሳፈር› የሚል በፕሮግራሙ ላይ አለ። ያገኘነው አንድ ጉንፋን ብቻ ነው፤ እሱም እየተሻለው ነው።»

«ሦስት ቀን ትጠብቅ ነው የምትለኝ?»

«አንቱ ያስቡት እስቲ። በቃሬዛ ቢሄዱ ሁለት ቀን ሙሉ መንገላታት ነው። በአውሮፕላን ሃያ ደቂቃ።»

«ሃያ ደቂቃና ሦስት ቀን» አለ ገሠሠ።

«ሦስቱን ቀን ቤታቸው ተኝተው ነው እኮ። እሱ ከመንገዱ አይቆጠርም።»

ገሠሠ ነገሩን በልቡ አገላበጠው። የሆነ ቦታ ላይ ቀዳዳ አለው። ነገር ግን አጥንቱ የተሰበረ ሰው ያን ገደል ሲወርድ እንዴት እንደሚጮኽ በጆሮው ያውቃል። ሃያ ደቂቃ የሚለው ቃል ያዘው። ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ነገራት።

«እኔ የተሰበርሁት ከመሰላል ወድቄ ነው» አለች። «ከዚያ የባሰ ከፍታ ላይ ልታወጣኝ?»

«ሃያ ደቂቃ ነው አሉ።»

«መሰላሉም ቶሎ ነበር።»

በዋዜማው ምስክር ተመልሶ መጣ። እንግዶች ባዶ እጃቸውን አይሸኙም። ሙክት ከማን ቤት ይውጣ ተብሎ ተመክሮ፣ የአውሮፕላኑ ተጠቃሚ ይስጥ ተባለ። ተጠቃሚው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ገሠሠ ሁለት ዓመት ያሰባውን ሙክት በግ ፈትቶ ሰጠ። አልቆጨውም። ሚስቱን ለሚያድንለት አውሮፕላን ሙክት ሲያንስ ነው።

አውሮፕላኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። ሲርቅ ንብ፣ ሲቀርብ ጥንብ አንሣ የሚያክል ነገር ነው። የማኅበሩ የፊት ተሸካሚ የነበረው ሰጠኝ አንጋጦ አየና «ይኼ ነው?» አለ። «እኔስ በደብዳቤው ርዝመት ገምቼ ትልቅ መስሎኝ ነበር።»

አቶ መልከ ጼዴቅና ሁለት የኮሚቴ አባላት ወረዱ። ሽማግሎቹ አብራሪውን ሰላም ሊሉ ሲጠብቁ ሊድያ የምትባል ቀጠን ያለች ሴት ወረደች፤ አብራሪዋ እሷ ነበረች። ዘወር ብላ መጀመሪያ ያየችው ሰማዩን ነው።

«ጉም ስንት ሰዓት ላይ ይገባል?» ብላ ጠየቀች።

«ስድስት ሰዓት» አለ ገሠሠ። «አንዳንድ ቀን አምስት ተኩል።»

ከሜዳው ሥራ መጀመሪያ እስከዚያች ቀን ድረስ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ንግግሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ። አመተ ማርያም ሁለቱን ሰዓት በቤቷ መዝጊያ ላይ ተኝታ አዳመጠች። ቃሬዛው ቅርስ ስለሆነ የቤቱን መዝጊያ ነቅለው ነበር ያመጧት። ከአጠገቧ ሁለቱ ቃሬዛዎች በጠረጴዛ ላይ በቀይ ጥብጣብ ታስረው ተቀምጠዋል። ከላያቸው «የኋላ ቀርነት መታሰቢያ፤ መንካት ክልክል ነው» የሚል ተጽፏል። አቶ መልከ ጼዴቅ በንግግራቸው ወደ ቃሬዛዎቹ እያመለከቱ «ከእንግዲህ እናቶቻችን በሰው ትከሻ አይንገላቱም» ሲሉ እልል ተባለ። ከመዝጊያው ላይ ያልተነሡት እናት ግን እልልታውን አልደገሙም።

በመጨረሻ አመተ ማርያም ተደግፋ አውሮፕላኑ ውስጥ ገባች። እግሯ እንዲዘረጋ ከፊቷ ያለው ወንበር ታጠፈ። ቀበቶ ታሰረላት። አቶ መልከ ጼዴቅ እጇን ይዘው ፎቶ ተነሡ። ፀሐይ ስላስቸገረ ዞረው በድጋሚ ተነሡ። የተሳፋሪዎች ዝርዝር ተጻፈ፤ በተራ ቁጥር አንድ ላይ አመተ ማርያም ሰፈረች፤ ማኅተም አረፈበት። ገሠሠ ከውጭ ሆኖ አያት። እንደዚያ ሆና ተቀምጣ አይቷት አያውቅም፤ እንደ ወይዘሮ ነበር የምትመስለው። እግዚአብሔር ይመስገን አለ።

ሊድያ ጎንበስ ብላ በጉን አየችው። እግሩ ታስሮ ከበሩ ሥር ተኝቷል።

«ይኼም ይጫናል?» አለች። «እንዲያ ከሆነ የሁላችሁንም ክብደት ንገሩኝ። ማረፉ አያስቸግርም፤ ስነሣ ግን እዚህ አየሩ ስስ ነው። ከሦስት መቶ ዐሥራ አምስት ኪሎ በላይ አልጭንም።»

«ስስ?» አሉ አቶ መልከ ጼዴቅ። «ማን አሳሳው?»

«ከፍታው ነው።»

«ይህ በጥናቱ አልተካተተም።»

ያም ሆኖ ክብደት መናገር ተጀመረ። በዚያ አገር ክብደት መጠየቅ የከብት ቁጥር እንደ መጠየቅ ነው፤ ሰው ያለውን ሁሉ አያወጣም። አቶ መልከ ጼዴቅ ስድሳ አሉ። ሁለተኛው አባል ከሰብሳቢያቸው በላይ መመዘን ድፍረት ስለሆነባቸው ሃምሳ አምስት አሉ። ሦስተኛው በወርድ ከሁለተኛው ይበልጣሉ፤ በማዕረግ ግን የመጨረሻው ናቸው። ስለዚህ አርባ አምስት ሆኑ።

ሊድያ ሦስተኛውን አባል ከላይ እስከ ታች አየቻቸው።

«ሚዛን አለ?» አለች።

የገብስ ሚዛን አለ። ከመጋዘን መጣ። አቶ መልከ ጼዴቅ ባርኔጣቸውን ለምስክር ሰጥተው እንደ ኩንታል ቆሙ። ዘጠና ስድስት። ሁለተኛው አባል ሰማንያ አራት፣ ሦስተኛው ሰማንያ ስምንት። በጉ አርባ አንድ። አመተ ማርያም ጠዋት ለመዝገብ ተብሎ ከነመዝጊያዋ ተመዝና ስለነበር መዝጊያው ተቀንሶ አርባ አራት ሆነች።

ሊድያ ደመረች።

«ሁሉም አይሆንም። ወይ በጉ ይቅር ወይ ታማሚዋ።»

ገሠሠ ነገሩ ያለቀ መስሎት ሄዶ የበጉን ገመድ ያዘ።

«ቆይ» አሉ አቶ መልከ ጼዴቅ። «ለእኔ በግ ምኔም አይደለም። ነገር ግን ይኼ በግ አይደለም፤ የሕዝብ ፍቅር ነው። የሕዝብን ፍቅር ሜዳ ላይ ጥዬ ብሄድ ነገ በምን ዓይኔ አያችኋለሁ?»

«እዚሁ አርደን አብረን እንብላውና ይቅለል» አለ ሰጠኝ።

«በሆዳችሁ ይዛችሁት ብትገቡም ያው ይመዝናል» አለች ሊድያ።

«ከእናንተ አንድ ሰው ቢቀርስ?» አለ ገሠሠ። «ማደሪያ አይጠፋም። እኔ ቤት ያድራል።»

«ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው» አሉ አቶ መልከ ጼዴቅ። «ሁለት ሰው ኮሚቴ አይባልም፤ መንገደኛ ነው።»

ከገደሉ ሥር ነጭ ነገር ብቅ አለ፤ ጉሙ ነው። ምስክር ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ወጣ፤ ሲናገር ግን ዓይኑ ከገሠሠ ዓይን ሸሽቷል።

«ወገኖቼ፣ እመት አመተ ማርያም የቤታችን ሰው ናቸው። በጉ ግን ከተሰጠበት ሰዓት ጀምሮ ከእንግዶቹ ወገን ነው። እንግዳ አስቀርቶ የቤት ሰው ማስቀደም በእኛ አገር ታይቶ ያውቃል?»

ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አልታየም። እንግዳ ሲመጣ የቤት ሰው ከመደቡ ይነሣል፤ እንግዳ ሳይቀምስ የቤት ሰው እጁን አይሰድም። ገሠሠም ልጆቹን ያሳደገው በዚህ ነው። አባቶቹ ያስተማሩት ነገር ሁሉ ከበጉ ጋር ቆሟል።

«ተሰብራለች እኮ» አለ ገሠሠ።

«የእኛም ልብ ተሰብሯል» አሉ አቶ መልከ ጼዴቅ።

«እኔ ታማሚ ልወስድ ነው የመጣሁት» አለች ሊድያ።

«ተሳፍረዋል እኮ። ፎቶው አለ» አሉ አቶ መልከ ጼዴቅ።

«ቀጣዩ በረራ መቼ ነው?» አለ ገሠሠ።

«በጀት እንደተያዘ» አለ ምስክር። «በዚያኛው የመጀመሪያዋ እሳቸው ናቸው።»

«በዚህኛውም የመጀመሪያዋ ነበረች።»

ጉሙ የሜዳውን ጫፍ ነካ። ሊድያ ሰማዩን አየች፤ ሰዓቷን አየች፤ ገሠሠን አየች።

«አሁን ካልተነሣሁ ማናችንም አንሄድም፣ አባባ። ይቅር ይበሉኝ።»

«አንቺ ምን አደረግሽ፣ ልጄ። ሚዛኑ ያለውን ነው ያልሽ።»

አመተ ማርያምን አወረዷት። ስትወርድ ጥርሷን ነክሳ ነበርና አልጮኸችም። በእሷ ቦታ በጉን አስገቡት።

«ቀበቶውን አጥብቃችሁ እሰሩለት» አለች አመተ ማርያም። «መውደቅ ክፉ ነው።»

«ስማቸውን ከዝርዝሩ እንሰርዘው?» ብሎ ምስክር በሹክሹክታ ጠየቀ።

«ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይሰረዛል እንዴ?» አሉ አቶ መልከ ጼዴቅ፤ በሩም ተዘጋ።

አውሮፕላኑ ሜዳውን ጨርሶ፣ ገደሉ ላይ ዝቅ ብሎ፣ እንደምንም ቀና አለ። ሕዝቡ እጁን አውለበለበ። ገሠሠ ቢላዋ አውጥቶ ቀዩን ጥብጣብ ቆረጠ፤ የማኅበሩ ሰዎችም አመተ ማርያምን በአንደኛው ቃሬዛ ላይ አስተኟት።

«አያ ገሠሠ፣ እሱ ቅርስ ነው» አለ ምስክር። «ማኅበሩም ፈርሷል። እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

«ማን ታማሚ ተሸከመ?» አለ ሰጠኝ የቃሬዛውን ጫፍ አንሥቶ ትከሻው ላይ እያደረገ። «እኛ ቅርሱን ወደ ከተማ እየወሰድነው ነው፤ እዚህ ዝናብ ይመታዋል። እመት አመተ ማርያም ላዩ ላይ እንዳሉ ገና አሁን ማየታችን ነው።»

ምስክር ጥቂት አሰበ። ቅርስ ማዘዋወር የሚከለክል ደብዳቤ አልመጣም። እሱ ራሱ መጥቶ የአክስቱን ራስ ቀና አድርጎ ነጠላ አነጠፈላት።

መንገዱ እንደ ሁልጊዜው ነበር። ያን ቀንና የማግስቱን ጠዋት ተሸክመው መካነ ብርሃን ገቡ። ከዚያ በአይሱዙ ላይ ጭነዋት ደባርቅ አደሩ፤ በማግስቱም ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ወደ ከፈተው የአጥንት ሐኪም ቤት አደረሷት። ከወደቀች አምስተኛ ቀኗ ነበር። በካርድ ክፍሉ መስኮት ቃለ አብ የሚባል ጸሓፊ መዝገቡን ገለጠ።

«አመተ ማርያም፣ ከጉም አደር» አለ። «እሳቸው ከትናንት በስቲያ ገብተዋል።»

«አሁን ነው የደረስን» አለ ገሠሠ።

«በአውሮፕላን ነው የገቡት። የኮሚቴው ደብዳቤ ይኸው፤ ፎቶውም አለ። አልጋ ተይዞላቸዋል።»

«አልጋው ላይ ማን ተኝቷል?»

«ማንም። ግን ተይዟል።»

«እንግዲያ እሷን አስተኛት።»

«በተያዘ አልጋ ላይ ሌላ ሰው አይተኛም፣ አባቴ። መጀመሪያ በፊት የገቡት መውጣት አለባቸው።»

«አውጣት እንግዲህ።»

ቃለ አብ ክፉ ሰው አልነበረም። ማኅተሙን አንሥቶ ‹ተሽሏቸው ወጥተዋል› በሚለው ላይ መታ። «እንኳን እግዚአብሔር ማራቸው» አለ።

«አሜን» አለች አመተ ማርያም ከቃሬዛው ላይ።

«አሁን እንደ አዲስ ገቢ እናደርጋቸዋለን። ምን አገኛቸው?»

«ከመሰላል ወድቃ ጭኗ ተሰብሯል።»

«የመሰላሉማ ድኗል፤ አሁን ወጡ አይደል? ይኼኛው ስብራት ከምን የመጣ ነው?»

ገሠሠ በስድሳ ሦስት ዓመቱ ዋሽቶ አያውቅም፤ አሁንም መጀመር አልፈለገም። ከመሰላሉ ወዲህ ሚስቱን ምን እንዳገኛት አስታወሰ።

«ከአውሮፕላን አወረዷት» አለ።

ቃለ አብ ራሱን ነቀነቀና ጻፈ፦ ከአውሮፕላን ስትወርድ የደረሰ ጉዳት። ከዚያ በሩ ተከፈተላት። ሐኪሙ ወረቀት የማያነብ ሰው ነው፤ እግሩን ብቻ አየ። በዚያው ዕለት ብረቱ ገባላት። «ሁለት ቀን ብትዘገዩ ኖሮ አልሠራላችሁም ነበር» አለ።

አጥንቱ ሲገጥም ወረቀቱ ደግሞ መንገዱን ቀጠለ። ከሐኪም ቤት ወደ ኮሚቴው፣ ከኮሚቴው ወደ በላይ፣ ከበላይ ወደ ባሰ በላይ ወጣ። በጥቅምት ተመልሶ ሲወርድ፣ የጉም አደር ማረፊያ ተሳፋሪ ከአውሮፕላን ወድቃ ስለተጎዳችበት ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ታግዷል ይላል። ከብቱ ደብዳቤው ሳይነበብለት ወደ ሜዳው ተመለሰ። ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴም ተቋቋመ፤ በቦታው ልምድ ያለው ሰው ስለተፈለገ አቶ መልከ ጼዴቅ ሰብሳቢ ሆኑ።

ኮሚቴው በበቅሎ ሁለት ቀን ተጉዞ ሲደርስ አመተ ማርያም ጎተራው ደጃፍ ላይ ገብስ እያበጠረች ነበር። ተነሥታ፣ ምርኩዟን ግድግዳው ላይ ትታ፣ በሁለት እግሯ መደቡ ድረስ ሄዳ አጎዛ አነጠፈችላቸው። አቶ መልከ ጼዴቅ ተቀመጡ፤ ጭናቸውን ኮርቻው ፈትጎት ነበርና ቀስ ብለው ነው። ወረቀታቸውን ዘረጉ።

«እመት» አሉ፤ «ያለ ምንም ፍርሃት ይንገሩን። ከአውሮፕላኑ ደረጃ የወደቁት ከስንተኛው ላይ ነው?»

አመተ ማርያም ባሏን አየችው። ገሠሠ ጣራውን ያያል።

«የእግሬን ነው የምትጠይቁኝ ወይስ የወረቀቱን?» አለች።

«የወረቀቱን ነው እንጂ፣ እመት» አሉ አቶ መልከ ጼዴቅ የብዕራቸውን ክዳን እየነቀሉ። «እግርዎማ ድኗል።»